«መረከብ» እና «ማናበብ»፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ማዋቀሪያ ቃላት

ይምርሐነ ክርስቶስ የሚለው ስም ለስያሜ ሠራተኛ የሚጠቅም ትምህርት አለው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን፣ በዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን የሚጠራው በዛጔው ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ስም ነው፤ ፍቺውም «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ሥሩ «መርሐ» የሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ አማርኛ ከዚሁ ሥር «መራ»፣ «መሪ»፣ «መርሕ»፣ «መምሪያ»፣ «መመሪያ» እና «መርሐ ግብር» የሚሉትን ቃላት አግኝቷል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ኃላፊው በደብዳቤው ኅዳግ ላይ ትእዛዝ ጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ያስተላለፈው እንደሆነ ደብዳቤው «ተመራ» ይባላል፤ የቤት መሥሪያ ቦታ የተሰጠውም ሰው ቦታ «ተመራ» ይባላል። አንዱ ሥር ቤተ መንግሥቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ መዝገብ ቤቱንም ሲያገለግል ኖሯል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም የመመሪያ ጉዳይ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ተመራማሪ ወይም ተማሪ ከተቋሙ የተሰጠውን የኢሜይል አድራሻ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ በተጫነ የኢሜይል ፕሮግራም ሊገለገልበት ሲፈልግ፣ ፕሮግራሙን የሚያዋቅርበት መመሪያ ያስፈልገዋል። ይህ መመሪያ በአማርኛ ቢጻፍ፣ በየትኞቹ ቃላት ቢጻፍ ነው ሰውየው ሳይሳሳት የሚያዋቅረው?

ጥያቄው የቃላት ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን ቃሉ ሲሳሳት የሚጠፋው የሰው ደብዳቤ ነው። ላስታ ባለበት በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላንና ወልድያን ባዳረሰ ጊዜ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጠው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል፣ ንብረቱም ተጐድቷል። ከዚያም ወዲህ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ሳይኖር ቆይቷል። እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ለኢሜይል ተጠቃሚ የሚሰጡት ምክር እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። መረብ የሚቋረጥበት ሰው ደብዳቤዎቹ በእጁ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ፣ እንዲገኙ ይፈልጋል፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ወርዶ ስለ ሕንፃው ሲያጠና የዋለ ተመራማሪ ማታ መረብ ሳይኖር የቆዩ ደብዳቤዎቹን ማንበብና መልስ መጻፍ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። ኮምፒውተሩ የሚዘረፍበት ወይም የሚበላሽበት ሰው ደግሞ ደብዳቤዎቹ በሩቅ ቦታ፣ ማለትም በተቋሙ ዘንድ፣ እንዲቀመጡ ይፈልጋል። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የኢሜይል ፕሮግራም ሁለቱንም ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን ሲዋቀር በአንድ ገጽ ላይ የሚቀርብ አንድ ምርጫ አለ፤ ያ ምርጫ ከተሳሳተ ከሁለቱ አንዱ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ከቀረቡት የአማርኛ ስያሜዎች ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚገባው ይኸው ምርጫ የሚጠራበት ቃል ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ፖስታ ቤት መሄድ ይበጃል። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተቋቋመ፤ አገሪቱም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። እንደሚታወቀው በአገራችን ደብዳቤ በየቤቱ እየዞረ አይታደልም፤ ባለደብዳቤው በፖስታ ቤቱ የተቈለፈ ሣጥን ይከራይና ቁልፉን ይዞ ሄዶ ያወጣል። «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለውን አሕጽሮት የማያውቅ ጸሓፊ የለም። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልም አሠራሩ ይኸው ነው፤ ሣጥኑ በተቋሙ ወይም ተቋሙ በተዋዋለው ድርጅት ማሽን ላይ ነው፤ ቁልፉ በእኛ እጅ ነው። እንዲያውም እስከዚህ ድረስ ምሳሌው ደብዳቤ በየበሩ ከሚታደልባቸው አገሮች ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ሣጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። «ፖፕ» የተባለው ስምምነት በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ የሚሠራው እንደ ፖስታ ቤት ደንበኛ ነው፤ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሣጥኑም ባዶ ይቀራል። «አይማፕ» የተባለው ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ክሪስፒን የጀመረው ነው፤ ይህ ደብዳቤውን ከሣጥኑ አያወጣውም፤ ዋናው እዚያው እንዳለ ግልባጩን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያኖራል፣ በአንዱ ላይ የተደረገውም ለውጥ በሌላው ላይ እንዲደረግ ያደርጋል። ሁለቱም የሚያገለግሉት ለመቀበል ብቻ ነው፤ ለመላክ የሚያገለግለው ሦስተኛው፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤስኤምቲፒ» ነው። ይህኛው በስያሜ ረገድ ብዙ ስለማያስቸግር ወደ ኋላ ጥቂት ብቻ እናነሣዋለን።

ሁለቱን ስምምነቶች የፈጠሩት ሁለት ዓይነት የአኗኗር ሁኔታዎች ናቸው። በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው «ፓዲስ» በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት የኢሜይል አገልግሎት ሲሰጥ፣ ሥራው ሁሉ በስልክ መስመር እየተደወለ የተጠራቀመውን አንሥቶ፣ የተጻፈውን ሰጥቶ፣ መስመሩን መዝጋት ነበር። ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ለሕዝብ የተከፈተው ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የስልኩ ደቂቃ በሚቈጠርበት ዘመን ደብዳቤን አንሥቶ መሄድ ብልኅነት ነበር። አንድ ሰው በቢሮው ኮምፒውተር፣ በእጅ ስልኩና በቤቱ ኮምፒውተር አንዱን ሣጥን በሚከፍትበት በአሁኑ ዘመን ግን፣ አንደኛው መሣሪያ አንሥቶ የሄደውን ሁለተኛው አያገኘውም።

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንምጣ። አሁን በአማርኛ መመሪያዎችና በሰው አፍ ለሁለቱም ሥራዎች የሚነገረው «ማውረድ» ነው። «ማውረድ» በነባሩ አማርኛ አንድን ነገር ካለበት ከፍ ያለ ቦታ ወደ ታች ማምጣት ነው፤ ከአህያ የወረደ ጭነት በአህያው ላይ የለም፣ ከዛፍ የወረደ ፍሬ በዛፉ ላይ የለም፣ ከሥልጣን የወረደ ሹምም በሥልጣኑ ላይ የለም። በዚህ ፍቺ ከሄድን «ማውረድ» ለፖፕ እጅግ ትክክለኛ ቃል ነው። ነገር ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት ያህል ቃሉ ሁለተኛ ፍቺ አግኝቷል። አንድ ወጣት «ዘፈን አወረድኩ» ሲል ዘፈኑ ከነበረበት ጠፋ ማለቱ አይደለም፤ ሺህ ሰው ቢያወርደውም ዋናው በቦታው ነው። ስለሆነም «መልእክቶችን አውርድ» የሚለውን ትእዛዝ ጭነት ሲያወርዱ ያደገው ሰውና ዘፈን ሲያወርድ ያደገው ሰው ሁለት ዓይነት አድርገው ያነቡታል፤ የሚያሳዝነውም ፖፕን በሚመለከት የተሳሳተው ለኮምፒውተር ቅርብ የሆነው ሁለተኛው ሰው መሆኑ ነው። ዋናው በቦታው የቀረ ይመስለዋል።

ስሕተቱን የባሰ የሚያደርገው ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ናቸው። ብዙዎቹ ፖፕ ሲመረጥ ግልባጩን በሣጥኑ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ14 ቀን፣ እንዲቈይ አድርገው ይጀምራሉ። ስለዚህ አዋቃሪው መጀመሪያ ሲመለከት ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል፤ ደብዳቤው በኮምፒውተሩም ላይ፣ በስልኩም ላይ ይታየዋል። ባዶነቱ የሚታወቀው ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ሰውየው የሚጠረጥረው ቃሉን ሳይሆን ዩኒቨርሲቲውን ነው።

ስለዚህ «ማውረድ»ን ከዚህ ገጽ ጨርሶ ማውጣት ይሻላል እንላለን። ለፖፕ የምናቀርበው ቃል «መረከብ» ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ መረከብ ከመቀበል የተለየ ነው። ንብረት የሚረከብ ሰው ሞዴል 19 ይቈረጥበታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕቃው ቢጠፋ ተጠያቂው እርሱ ነው፣ አስረካቢው ነፃ ነው። «መልእክቶችን ከሰርቨሩ መረከብ» የሚል ምርጫ ያነበበ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኮምፒውተር ባያውቅም እንኳ፣ ከርክክቡ በኋላ ኃላፊነቱ የማን እንደ ሆነ ያውቃል። ቃሉ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ማብራሪያው በቃሉ ውስጥ አለ። ግልባጭ የማስቀረቱም ምርጫ «ከተረከብሁ በኋላ ግልባጩ ለዚህን ያህል ቀን በሰርቨሩ ይቈይ» ተብሎ ቢጻፍ ከርክክብ ሐሳብ ጋር ይስማማል።

ለአይማፕ ሦስት ቃላት ለውድድር ቀርበዋል። «ማመሳሰል» በአንዳንድ ማያዎች ላይ ገብቷል፤ ጉድለቱ መምሰል መሆንን የማያረጋግጥ መሆኑ ነው፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች ሁለት ነገሮች ናቸው፣ በአማርኛም «ይመስላል» ማለት ብዙ ጊዜ «ነው» ለማለት አለመድፈር ነው። «ማመሳከር» ከዚህ ይሻላል፤ ሥሩ ምስክር ስለሆነ ግልባጩን ከዋናው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ማውጣትን ያመለክታል። ነገር ግን ያመሳከረ ሰው ልዩነቱን አገኘ እንጂ አላስተካከለም። ሦስተኛው «ማናበብ» ነው። ሁለት ጽሑፎች ይናበባሉ ሲባል አንዱ ያለው ሁሉ በሌላው አለ፣ አንዱ ሲታረም ሌላው ታርሟል ማለት ነው። ዛሬም በጋዜጣው፣ በስብሰባው፣ ዕቅዱ ከበጀቱ ጋር «ይናበብ» ሲባል የምንሰማው ይህንኑ ነው። በሰዋስው ዘንድ «አናባቢ» እና «ተናባቢ» የታወቁ ሙያዊ ቃላት ስለሆኑ ግራ ያጋባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን በቋንቋ ሊቃውንት መካከል የሚቀር ግራ መጋባት ስለ ሆነ እንችለዋለን። ምርጫችን «ማናበብ» ነው።

ይሁን እንጂ «ማናበብ» የራሱ አደጋ አለው፤ አደጋውንም ቃሉ ራሱ ይናገራል። የሚናበቡ ሁለት መጻሕፍት በአንዱ የተፋቀው ቃል በሌላውም ይፋቃል። ኮምፒውተሩ የሞላበት ሰው ቦታ ለማግኘት ሲል የቆዩ ደብዳቤዎችን ከፕሮግራሙ ቢያጠፋ፣ በዩኒቨርሲቲውም ሣጥን፣ በስልኩም ላይ ያጠፋቸዋል። እንደዚሁም ከተቋሙ የለቀቀ ሰው ሣጥኑ ሲዘጋ የሚናበብበት ዋና አይኖረውም። ስለዚህ መመሪያው ከማናበብ ውጭ የሆነ፣ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚኖር ማስቀመጫ መኖሩን መንገር አለበት። ለዚህ «ማኅደር» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጽሐፍ ገብቶ በግድግዳ ችካል ላይ የሚንጠለጠልበት የቆዳ ማኅደር መጽሐፉን ከጢስና ከአቧራ ይጠብቃል፤ በመሥሪያ ቤትም የሠራተኛው «የግል ማኅደር» የታወቀ ነው። በሰርቨሩ ላይ ያለውን «የሣጥን ማኅደር»፣ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለውን «የቤት ማኅደር» ብለን ብንለያቸው፣ ደብዳቤውን ከአንዱ ወደ ሌላው የማዛወሩ ትርጉም ግልጽ ይሆናል። «የአካባቢ ማኅደር» የሚለውን ያልወደድነው «አካባቢ» በኮምፒውተሩ ውስጥ መሆንን ሳይሆን ዙሪያውን ስለሚያመለክት ነው።

እስካሁን ስለ አንድ ጥንድ ቃል ተናገርን። የቀሩት ቃላት ግን አንድ በአንድ ሊወሰኑ የማይችሉ መሆናቸውን የሚያሳይ ምሳሌ እንስጥ። ተጠቃሚው በተቋሙ የተከፈተለትን መብት በእንግሊዝኛው አካሄድ «ሒሳብ» የሚል ተርጓሚ አለ፤ የባንክ ሒሳብ ስለሚባል። ከውጭ ለሚመጣው ደብዳቤ «ገቢ»፣ ወደ ውጭ ለሚሄደው «ወጪ» ማለት ደግሞ ፍጹም ትክክል ነው፤ በየመዝገብ ቤቱ የገቢ ደብዳቤና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አለ። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ ነቀፋ የለበትም። ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ግን «የሒሳብዎን ገቢና ወጪ ያስገቡ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወለዳል፤ መምህሩም ዩኒቨርሲቲው ስለ ግብር የጠየቀው ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሳቅ የሚያስከትል ስያሜ በቃል ዝርዝር ላይ አይታይም፤ በገጹ ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ስያሜ የሚያጸድቅ ጉባኤ ሁሉ ከማጽደቁ በፊት ሙሉውን ገጽ ጽፎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነበው መልካም ነው።

ከሦስቱ መውጣት ያለበት «ሒሳብ» ነው። «መለያ» የሚለው በስልኮች ላይ ተስፋፍቷል፤ ነገር ግን የተማሪ መለያ ቁጥር፣ የተጠቃሚ መለያና የዕቃ መለያ ምልክት ሁሉ በዚሁ ቃል ስለሚጠሩ፣ በአንድ ገጽ ላይ «የመለያዎን መለያ» እስከማለት ያደርሳል። ሕዝቡ «አካውንት» ይላል፤ እኛም በዚህ ገጽ ላይ «አካውንት» ይቈይ እንላለን። በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ነባሩን አማርኛ፣ ቀጥሎ የአገሪቱን ሌሎች ቋንቋዎችና ግእዝን፣ በመጨረሻም ባዕዱን ቃል መመልከት መሆኑን አልዘነጋንም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ የተሻለውን ቃል ለማግኘት የተበጀ ነው፤ ያልተሻለውን ለመጫን አይደለም። «ፖስታ» ራሱ ባዕድ ነበር፤ «ኢሜይል»ም እንዲሁ እየለመደ ነው።

«ሰርቨር»ን «አገልጋይ» ማለትም እንዲሁ በገጹ ላይ ሲነበብ ይሰናከላል። በላስታ ገጠር አገልጋይ ማለት በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግለው ካህን ወይም ዲያቆን ነው፤ በከተማ ደግሞ የቤት ሠራተኛ ነው። «የገቢ አገልጋይ ስም» ተብሎ ቢጠየቅ ሰው ምን ብሎ ይሙላ? «አስተናጋጅ» ያሉም አሉ፤ ይህ ግን ሆቴልና እንግዳ በበዛበት በላሊበላ ከተማ ቡና የሚያቀርበውን ሰው ያስመጣል። አጣማሪው «ደንበኛ»ም ከዚህ አይሻልም፤ ሸማችን ማለት ነው፣ ወይም «ደንበኛ ሌባ» እንደሚባለው የለየለት ማለት ነው፣ በኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ግን ሁለቱንም አይደለም። «ሰርቨር» እና «የኢሜይል ፕሮግራም» ማለት ይበቃል። «ፕሮግራም»ን «መርሐ ግብር» ማለት ግን፣ ሥሩን ብንወድም፣ በአሁኑ አማርኛ የበዓልና የስብሰባ ተራ ሆኖ ስለጸና አይመለስም።

ከሰርቨሩ ስም ቀጥሎ ቁጥር ይጠየቃል፤ ለአይማፕ 993፣ ለፖፕ 995፣ ለመላኪያው 465 ወይም 587። ይህን ቁጥር «ወደብ» የሚሉ ትርጉሞች አሉ። በኢትዮጵያዊ አንባቢ ዘንድ ወደብ ምን ያህል ሌላ ሐሳብ እንደሚቀሰቅስ መናገር አያስፈልግም፤ ቃሉም በመነሻው ትክክል አይደለም። በላቲን የመርከብ ማረፊያና የከተማ በር ድምፃቸው የሚቀራረብ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በኮምፒውተር ሥራ የሚፈለገው ግን የመግቢያውና የመውጫው ሐሳብ ነው። «በር» እንበለው። በደገኛው አገር «በር» የቤት ብቻ አይደለም፤ ጣርማ በር እንደሚባለው በተራራ መካከል ያለ ማለፊያ ነው። በበሩ ላይ ደግሞ የሚያልፈውን የሚመረምርና ቀረጥ የሚቀበል ኬላ ይቆም ነበር። ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚከለክለውን መከላከያ ቃል በቃል «የእሳት ግድግዳ» ከማለት «ኬላ» ማለት ምን ያህል እንደሚቀል ልብ ይሏል። «ፕሮግራሙ መላክ ካልቻለ ኬላው በር 587ን መዝጋቱን ያረጋግጡ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለነጋዴም ይገባል።

«የይለፍ ቃል» በሚገባ የተገኘ ስያሜ ነው፤ ዘብ «ማነህ?» ሲል የሚሰጠውን መልስ ያስታውሳል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት አሠራሩ ተለውጧል። ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚጠቀሙባቸው እንደ ጎግልና ማይክሮሶፍት ያሉ ድርጅቶች የኢሜይል ፕሮግራም የሰውን የይለፍ ቃል ይዞ እንዲገባ መፍቀድ ትተዋል፤ ማይክሮሶፍት ይህን መዝጋት የጀመረው ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ነው። አሁን ፕሮግራሙ ሲዋቀር የተቋሙን የመግቢያ ገጽ ይከፍታል፤ ሰውየው የይለፍ ቃሉን የሚሰጠው ለዚያ ገጽ ብቻ ነው፤ ገጹም ለፕሮግራሙ ደብዳቤውን እንዲያነብና እንዲልክ ብቻ የሚያስችል፣ ሊሻርም የሚችል የፈቃድ ማስረጃ ይሰጠዋል። የቆየ መመሪያ ይዞ በፕሮግራሙ ውስጥ የይለፍ ቃሉን አሥር ጊዜ የሚጽፍ ሰው የሚከለከለው ቃሉን ስለረሳ አይደለም። ለዚህ ማስረጃ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ «የይለፍ ወረቀት» በአማርኛ አለ። ቃሉ ምሥጢር ነው፣ ወረቀቱ ግን በሌላ እጅ የሚያዝ ፈቃድ ነው፤ ልዩነቱ ከሁለቱ ስሞች ይታያል።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስቀድሞ ስለሰጠን። «ጉዳዩ»፣ «ግልባጭ»፣ «አባሪ»፣ «ረቂቅ»፣ «ፊርማ» ሁሉም በቦታቸው ይገባሉ፤ ለሌሎች ሳይታይ የሚላከው «ስውር ግልባጭ» ይሆናል። «አይፈለጌ» የሚለው ለማይፈለግ መልእክት የወጣው ስም በ«አይበገሬ» እና በ«አይነኬ» አምሳል የተሠራ፣ ሕዝብም ሳያንገራግር የተቀበለው ስለሆነ ይመሰገናል። የደረሰን ደብዳቤ ለሌላ ማሳለፍ «ማስተላለፍ» ቢባልም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ኃላፊው ለሚመለከተው የሚልከው ሲሆን «መምራት» የሚለው ነባር ቃል ይበልጣል፤ ከትእዛዝ ጋር ማስተላለፍ ነውና።

ተርጓሚዎችን የሚያከራክር አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም የአክብሮት ቅርጽ ነው። በማያው ላይ «ላክ»፣ «አስቀምጥ»፣ «አናብብ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢውን ማንጓጠጥ ነው፣ ሴቶችንም መርሳት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ተናጋሪውን መለየት ይገባል እንላለን። በቁልፉ ላይ ያለው ቃል ሰው ለማሽኑ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ማሽን «አንተ» ቢባል አይቀየምም። «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» የሚለው ግን ማሽኑ ለሰው የሚናገረው ነው፤ እዚህ ላይ «አስገባ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ቁልፉ በ«አንተ»፣ መልእክቱ በ«እርስዎ» ይጻፍ። በወሎ አንድ አዛውንት «አንቱ» ይባሉ የነበረ መሆኑን ብናውቅም፣ ለማያው «እርስዎ» ይበቃል።

አድራሻውና የይለፍ ቃሉ የሚጻፉበት ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በየፕሮግራሙ የተለያየ የቁጥር አሰጣጥ ስለነበረ በአማርኛ የተላከ ደብዳቤ በተቀባዩ ዘንድ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይደርስ ነበር። አሁን ጉዳዩንም ሐተታውንም በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። አድራሻን በላቲን ባልሆነ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችለውም ስምምነት በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ነገር ግን ይምርሐነ የሚለውን ስም አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በ«ሃ» ይጽፈዋል፤ ንጉሡ «ሠ» በብዙ እጅ «ሰ» ይሆናል። አንባቢ እነዚህን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ማሽን ግን ሁለት ስም ያደርጋቸዋል፤ በይለፍ ቃል ሲሆን በሩን ይዘጋል። በፊደል ማሻሻል ክርክር የሞክሼ ፊደላትን ነገር ሁለቱም ወገኖች ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ በይለፍ ቃል ሣጥን ውስጥ ግን ክርክር የለም፣ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የይለፍ ቃል የሚያወጣ ሰው ሞክሼ የሌላቸውን ፊደላት ቢመርጥ ይድናል።

በአድራሻው መካከል ያለችው፣ ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. የመረጣት በክብ የታጠረች የላቲን «ኤ» በአማርኛ ስም አላገኘችም። ሰውን ከቦታው ጋር ስለምታያይዝ በግእዝ «ዘ» ትባል የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ለዓይን ያማረ ነው። ነገር ግን አድራሻ በስልክ ሲነገር ሰሚው «ዘ»ን እንደ አንድ ፊደል ቈጥሮ በላቲን ይጽፋታል፤ በአማርኛው «በ» ብትባልም እንዲሁ። ስለዚህ በቃል ሲነገር «አት» ይባል፤ በጽሑፍ ላይ ምልክቱ ስለሚታይ ስም አያስፈልገውም።